የአረንጓዴዋ አበባ

በአዳማ ከተማ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ በሚሰማበት ሰፈር፣ ተክል እያባዙ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ግቢያቸው ጠባብ ቢሆንም ባዶ መሬት አይታይበትም። የዘይት ጣሳው፣ ለሁለት የተሰነጠቀው ጀሪካን፣ አንገቱ የተቆረጠው ሃይላንድ፣ አፉ የተሸረፈው ገንቦ፣ ሁሉም አንዳች እሾሃም ነገር ይዞ ተደርድሯል። አጥሩ ራሱ የአገር ቁልቋል ነው። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ፍለጋ ሲገቡ «ወተቱን እንዳትነኩ፣ ዓይን ይጎዳል» ይሏቸዋል። እግረ መንገዳቸውንም ያስተምሯቸዋል። የአጥሩ ቁልቋልና በጣሳ ውስጥ ያሉት ካክተሶች መልካቸው ቢቀራረብም ዘመዳሞች አይደሉም። ቁልቋሉ የዚህ አገር ተወላጅ ነው። ካክተሶቹ ግን፣ በለስን ጨምሮ፣ ትውልዳቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ድርቅ ነው፤ በየአገራቸው ውሃን በግንዳቸው ማጠራቀም ግድ ስለሆነባቸው ተቀራራቢ መልክ ያዙ። «መለየት ከፈለጋችሁ እሾሁ የሚበቅልበትን ቦታ እዩ» ይላሉ። «የካክተስ እሾህ የሚወጣው ጥጥማ ከሆነች ትንሽ ነጥብ ላይ ነው። ቅርንጫፉም አበባውም ከዚያችው ነጥብ ነው የሚመጣው።»

ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ግን ቀይዋን ነው። ስንዝር በማይሞላ አረንጓዴ ግንድ አናት ላይ የተቀመጠች፣ ክብ፣ ጎድጎድ ያለች፣ ደማቅ ቀይ ናት። ሰው አበባ ትመስለዋለች። አበባ አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ሌላ ካክተስ ናት። የእሷ ወገኖች በፓራጓይ ደረቅ ምድር፣ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የሚኖሩ፣ መልካቸው ዓይን የማይስብ ትንንሽ ካክተሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጃፓናዊው ተክል አብቃይ ኤይጂ ዋታናቤ ካበቀላቸው ቡቃያዎች መካከል ቀይ የሆኑ አገኘ። እነዚህ ቡቃያዎች የቀሉት አዲስ ነገር ተጨምሮላቸው ሳይሆን አንድ ነገር ጎድሏቸው ነው። አረንጓዴው ቀለም በውስጣቸው አልነበረም፤ እሱ ሲጠፋ ተሸፍኖ የነበረው ቀይ ብቻውን ታየ። አረንጓዴ የሌለው ተክል ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም። ከዘሩ ይዞት የመጣው ስንቅ ሲያልቅ ይሞታል። ዋታናቤ ቡቃያዎቹን ያተረፋቸው ጤነኛ አረንጓዴ ካክተስ ቆርጦ በአናቱ ላይ በማጣበቅ ነው። ዛሬ እነዚህን ባለ ሁለት አካል ተክሎች ደቡብ ኮሪያ በብዛት እያመረተች ወደ ውጭ ትልካለች፤ በየአገሩ የአበባ መሸጫ መስኮት ላይ ሰው የሚያቆሙትም እነሱ ናቸው።

እማማ ይህን የማጣበቅ ሥራ የሚሠሩት ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ፀሐዩ ሲጠና ነው። በዝናብ ወራት የተቆረጠ ካክተስ ቁስሉ ስለማይደርቅ ይበሰብሳል። ቢላዋቸውን በአልኮል ይወለውላሉ። የአረንጓዴዋን ጫፍ በአንድ ምት ይቆርጣሉ፤ እያመላለሱ መገዝገዝ ሥጋውን ያደቀዋል። ከዚያ የተቆረጠውን አፍ ዙሪያውን በጥቂቱ ይሸልቱታል፤ ምክንያቱም ሥጋው ሲደርቅ መሀሉ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ካልተሸለተ ቆዳው ቀይዋን ወደ ላይ ገፍቶ ያላቅቃታል። በግንዱ መሀል አንዲት ስስ ቀለበት ትታያለች። ውሃና ምግብ የሚተላለፈው በእሷ ነው። በቀይዋም ሥር እንዲህ ያለች ቀለበት አለች። የሁለቱ ቀለበቶች፣ ልክ እንደ ሁለት የውሃ ቧንቧ አፍ፣ ቢያንስ በአንድ በኩል መገጣጠም አለባቸው። ያልተገጣጠሙ እንደሆነ የቀይዋ መጨረሻ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ያማረች መስላ ትቆይና ትሟሽሻለች። እማማ ቀለበቶቹን አጋጥመው፣ በላስቲክ ከነጣሳው ጠፍረው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ሥር ያስቀምጧታል። በዚህ ጊዜ ቁስሉ ላይ የውሃ ጠብታ እንዲያርፍ አይፈቅዱም።

አንድ ቀን፣ ኅዳር ላይ፣ የጭነት መኪናዎች ያሉት አንድ ሰው ወደ ግቢው ገባ። አዲስ ቤት ሠርቷል፤ ምርቃቱ ለእሁድ ተቆርጧል። «እማማ፣ እንግዶቼ ዓይተውት የማያውቁት ነገር ይስጡኝ» አለ። ወዲያና ወዲህ ማየትም አላስፈለገው፤ ቀይዋን አነሣ።

«እሷን ስትወስድ ሁለት ነፍስ እንደወሰድክ እወቅ፣ ልጄ» አሉት። «ቀይዋ በራሷ አትበላም። የምትበላው አረንጓዴዋ የሠራችውን ነው። አረንጓዴዋን ብርሃን አታሳጣት። አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ አትጨምርባት።»

«እሺ እማማ» አለና ከፈለ።

በምርቃቱ ቀን ተክሏ ሳሎን መሀል ጠረጴዛ ላይ ሆና ዋለች። እንግዳ ሁሉ ተገረመ። ሴቶቹ በስልካቸው ፎቶ አነሷት። ከዘመዶቹ አንዷ ግን ጠጋ ብላ ዓይታ «ቀዩስ መልካም ነው፤ ይሄ ሥሩ ያለው ግንድ ነው ያስቀየማት። እሾሁስ ለልጆች አደገኛ አይደል?» አለች። ሌላው «በአንድ ነገር ይሸፈን» አለ። ባለቤቱም ወርቃማ ወረቀት አስመጥቶ ግንዱን ከሥር እስከ አንገቱ ጠቀለለው። በአፈሩ ላይ ነጭ ጠጠር ተጨመረበት። ከወረቀቱ በላይ የቀረችው ቀይዋ ብቻ ሆነች፤ እውነትም ያን ቀን ከበፊቱ ይልቅ አማረች። ማታ እንግዳው ሲሸኝ ተክሏ ከጠረጴዛው ተነሥታ ቡፌው ላይ ተቀመጠች፤ መስኮቱ ከዚያ ሩቅ ነው፤ መጋረጃውም ወፍራም ነው።

ካክተስ ስትሞት ቶሎ አትናገርም። ጎመን ውሃ ሲያጣ በማግስቱ አንገቱን ይደፋል፤ ካክተስ ግን በሥጋዋ ያከማቸችውን እየበላች ወራት ትገፋለች። ይህ ጥንካሬዋ ነው ብለን የምናደንቀው ጠባይዋ፣ ችግሯን በጊዜ እንዳናይ የሚያደርገንም እሱ ነው። ቀይዋ እስከ የካቲት ድረስ እንዳማረች ነበረች። መጋቢት ላይ ትንሽ ተጨማደደች። ሰውዬው ውሃ ጠማት ብሎ በአናቷ ላይ አፈሰሰላት። ውሃው በወረቀቱ ውስጥ ወርዶ፣ ከጠጠሩ ሥር ተጠራቅሞ ቀረ። በሚያዝያ ቀለሟ ደበዘዘ። ያን ጊዜ ለቀይዋ የሚሆን ማዳበሪያ ገዛ፤ ቅጠል የሚያወዛ የሚረጭ ነገርም ገዛ። በየቀኑ ጠዋት ቀይዋን በለስላሳ ጨርቅ ያብሳት ነበር። ይወዳት እንደነበር መካድ አይቻልም።

ግንቦት ላይ ተሸክሟት መጣ። «እማማ፣ ቀይዋ ታማብኛለች።»

እሳቸው ቀይዋን አላዩአትም። ተክሏን ከእጁ ተቀብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ወርቃማውን ወረቀት ከላይ ወደ ታች ቀደዱት። አረንጓዴዋ አረንጓዴ አልነበረችም። ከወገቧ በላይ ገርጥታ፣ ቢጫ ሆናለች። ከወገቧ በታች ጠቁራ፣ በጣት ሲነኳት ትሰምጣለች። ሽታ አላት።

«ይህችን መቼ ነው መጨረሻ ያየሃት?» አሉት።

«እሷንማ…» አለና ቆመ። ከኅዳር ወዲህ አላያትም ነበር።

«ማዳበሪያው ለማን ነበር?»

«ለቀይዋ።»

«ቀይዋማ እጅ የላትም፣ ልጄ። የምታጎርሳት ይህች ናት። ይህች ደግሞ የምትሠራው በብርሃን ነው። ሌሊት ሁሉም ሰው ሲተኛ ቀዳዳዎቿን ከፍታ አየር ትስባለች፤ ቀን ላይ ውሃዋ እንዳያልቅ ዘግታ በውስጧ ታበስላለች። ሌት ተቀን ሥራ ላይ ናት። አንተ ጨለማ ውስጥ አስገብተሃት ሥሯን ውሃ አጠጣህ።»

ሰውዬው ዝም አለ። ቆይቶ «አሁን ምን ይደረጋል?» አለ።

ክረምቱ ገና ስላልገባ እማማ ቢላዋቸውን ወለወሉ። ከቀይዋ ጎን፣ ከአተር ትንሽ የምትበልጥ ጤነኛ ቡቃያ ነቅለው፣ ቁመቷ ከመጀመሪያዋ እጥፍ በሆነች ሌላ አረንጓዴ አናት ላይ አጣበቋት። «አረንጓዴዋ ረዘም ስትል ለሁለታቸውም ይበቃል» አሉ። «ገበያው አጭር የሚወደው ለጭነትና ለመደርደሪያ ስለሚመቸው ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ የሚያድጉበት ፍጥነት ስለማይገጥም፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓመት በላይ አብረው አይዘልቁም።» ሰውዬው አዲሷን ተክል ተቀብሎ ሊነሣ ሲል፣ እማማ አሮጌዋን አረንጓዴ ይዘው አሁንም እንደተቀመጡ አየ። ከሥሯ ጀምረው እየቆረጡ ይጥላሉ፤ ቡናማ መስመር እስኪጠፋ፣ ንጹሕ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ። በመጨረሻ የተረፈችው ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ቁራጭ ነበረች።

«እሷን ምን ያደርጓታል? ቀይ የላትም እኮ» አለ።

«ጥላ ውስጥ አስተኝቼ ቁስሏን አደርቃለሁ። ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈጅ፣ ሳይደርቅ አልተክላትም። ከዚያ በደረቅ አሸዋና በእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ አቆማታለሁ። ሥር ታወጣለች።»

«ሥር አውጥታስ ምን ትሆናለች?»

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኑን አዩት። «ራሷን ትሆናለች። አንተ ይህችን የቀይዋ መቆሚያ ብቻ አድርገህ ነው የምታያት። ይህች ድራገን ፍሩት የሚባለውን ፍሬ የምትሰጠው ናት። በአገሯ፣ በመካከለኛው አሜሪካ ጫካ፣ ባለ ሦስት ጎን ግንዷን እየዘረጋች፣ ከጎኗ ሥር እያወጣች ዛፍ የምትወጣ ናት። አበባዋ ነጭ ነው፤ ሁለት መዳፍ አይበቃውም። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ይከፈታል፤ ጠዋት ይከስማል። እዚህ ያለችው አጭር የሆነችው ጫፏን እኔ ስለቆረጥኳት ነው። ቀይዋን እንድትሸከም ቆረጥኳት፤ ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሁሉ ወደ ቀይዋ ይሄዳል፤ ለአበባ የሚተርፋት የለም።»

ሰውዬው ከእጃቸው ላይ ያለችውን ቁራጭ ለረጅም ጊዜ አየ። በቀይዋ ላይ ስንት ወር ዓይኑን ሲጥል፣ ይህችኛዋ የራሷ አበባ ይኖራት ይሆን ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ጫፏ ተመልሶ ይበቅላል?»

«የተቆረጠው ጫፍ አይመለስም» አሉ እማማ። «ግን ከጎኗ፣ ከነዚህ ጥጥማ ነጥቦች ከአንዷ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ታወጣለች። በዚያ ነው የምታድገው።»

ሰውዬው ቁራጯን ለመነና ሁለቱንም ይዞ ሄደ። አዲሷን ቀይ፣ ግንዷ ራቁቱን እንዳለ፣ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ሥር አኖራት። ቁራጯን ቁስሏ ሲደርቅ በግቢው ውስጥ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው የድንጋይ ግንብ ሥር ተከላት። የመጀመሪያው ዓመት ምንም አልታየባትም። በሁለተኛው ከጎኗ አንድ ቅርንጫፍ አወጣች፤ ግንቡን ይዛ ወጣች። ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ሲል፣ በሰኔ፣ አንድ እንቡጥ ታየባት። የሰውዬው እናት በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ወንበር አውጥተው ይጠብቁ ነበር፤ በተከፈተባት ሌሊትም ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ መጣ። ቀይዋም መስኮቷ ሥር ደኅና ነበረች።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። አረንጓዴዋ ማን እንደሆነች አንባቢ ሳይገምት አልቀረም፤ ግን በግልጽ ልናገር፤ ይህን የጻፍኩት ስለ እሷ ነውና።

አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ጅዳ፣ ኩዌት ወይም ቤሩት የሄደች ልጅ ናት። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከአዲስ አበባ ሰፈሮችም አለች። ጫፏ የተቆረጠው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ነርስ ልትሆን፣ መምህርት ልትሆን፣ ሱቅ ልትከፍት አስባ ነበር። አሁን የሰው ቤት ታጸዳለች፣ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ የምታገኘውን ወደ ቤት ትልካለች። ቤት ያለነው የምናየው ቀዩን ነው፤ የቆርቆሮ ቤት፣ የወንድም የትምህርት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የእህት ሠርግ። እነዚህ መልካም ነገሮች ናቸው። የወንድሟ መማር ያስደስተኛል፤ የእናቷ መዳንም። ሁለት ተክል አንድ ላይ መኖሩ ኃጢአት የለበትም፤ ቀይዋ ያለ አረንጓዴዋ ሞታ ነበር። የምቃወመው ወረቀቱን ነው። ስልክ ስትደውል ስለ ገንዘቡ እንጠይቃለን፤ ምን በላሽ፣ የት ተኛሽ፣ ፓስፖርትሽ በማን እጅ ነው ብለን አንጠይቅም። «ደኅና ነኝ» ስትል እናምናለን፤ ደኅና ነኝ ማለት ለእሷ ቀላል የሆነው ደግሞ ስለማንጠይቃት ነው። በ2012 ዓ.ም. በቤሩት አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ የጣሏቸው ልጆች ምስል በየስልካችን ሲዞር ብዙዎቻችን ደነገጥን። ያ ወረቀቱ የተቀደደበት ቀን ነበር። ብስባሱ ግን የቆየ ነው።

ስትመለስም አየናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ሞልቷል። በገንዘቧ የተሠራው ቤት ካርታው በአባቷ ወይም በወንድሟ ስም ነው። በባንክ በስሟ የተቀመጠ የለም። የተቆረጠው ጫፍ አይመለስም፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ አይመለስላትም። የማታ ትምህርት ግን አለ፤ ሙያ ማሠልጠኛም አለ፤ መነሻ ያለው ሰው ሱቅ መክፈት ይችላል። ይህን ሁሉ ለመጀመር የሚያስፈልጋት እንድታርፍ የሚሰጣት ጥቂት ጊዜና የራሷ የሆነ ጥቂት ገንዘብ ነው። ከአውሮፕላን በወረደች በሳምንቷ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ብለን የምንጠይቃትም ቁስሏ እስኪደርቅ መታገሥ ስላቃተን ነው።

በውጭ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ እዚህ አገር በሚገኝ ባንክ በራሱ ስም ሒሳብ መክፈት ይችላል። በውጭ አገር እህት ወይም ልጅ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትደውል ይህን ንገሯት፤ ከምትልከው ውስጥ ለእሷ የሚቀመጠው ስንት እንደሚሆን ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ የወሰናችሁትን አትንኩ። ቤት የምትገዙ ወይም የምትሠሩ ከሆነ ካርታው ላይ ስሟን አስገቡ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ ከመሄዷ በፊት ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር። መልሷንም እስከ መጨረሻው ስሟት።